የመምህር ታደለ ምሳ

የምደባ ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ምሳ የት እንደሚበላ። ደመወዙ ተጽፏል፣ ደረጃው ተጽፏል፣ ሪፖርት የሚደረግበት ቀን ተጽፏል፣ ማኅተሙም በዋናውም በግልባጩም ላይ ተመትቷል። ሆድን ግን ማንም አላሰበለትም። እኔ ከጎጃም ወደ ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ሻንጣዬን ገና ሳልፈታ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። እዚህ ሰፈር ሰው የት ነው የሚበላው አልኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ትንሽ አሰቡና ሰው እቤቱ ይበላል አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሰው ያለው ሰው እቤቱ ይበላል።

የኔዋ ሰው በሥራዋ ምክንያት ከልጆቹ ጋር ቡሬ ቀርታለች። ስለዚህ ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር እንተያያለን። ምግብ ማብሰል አልሞከርኩም እንዳትሉኝ። አንድ ቅዳሜ ምስር ወጥ ልሠራ ብዬ ጎረቤቶቼ ምን ተቃጠለ ብለው በሩን አንኳኩ። ከዚያ ወዲያ እጄን ሰበሰብኩ።

መቼም ቦንጋ ሲባል በሬዲዮ የምትሰሙት ጫካው፣ ቡናው፣ ማሩ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ጫካ አይበላም። ሰፈራችን ደግሞ ከከተማው ጫፍ፣ አስፋልቱ ከሰለቸው በኋላ ያለችው ናት። መሐል ከተማ ደህና ደህና ምግብ ቤቶች አሉ፤ እዚያ ለመድረስ ግን ባጃጅ መጠበቅ ነው። ዝናብ ከጣለ ባጃጁ ዳገቱን አልወጣም ይላል። እዚህ አገር ደግሞ "ዝናብ ከጣለ" አይባልም፤ "ዝናቡ ካባራ" ነው የሚባለው። ሄዶ፣ አዝዞ፣ ጠብቆ፣ ሳይበሉ መመለስ እዚህ የተለመደ ነገር ነው።

ሰፈራችን ውስጥ የነበሩን ሦስት አማራጮች ናቸው። አንደኛው የትምህርት ቤቱ ክበብ ነው። ቡና በተገኘበት ምድር ሻይ ብቻ የሚሸጥ ክበብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አለን። ሐሙስ ሐሙስ ፓስታ ይሠራል። ፓስታው በሹካ አይነሳም፤ በማንኪያ ነው የሚቀዳው። ሁለተኛው መንገድ ዳር ያለው ሥጋ ቤት ነው። በሬው ስንት ዓመት እንዳረሰ ጥርስህ ይነግርሃል። አንድ ቀን ይኼ ሥጋ አልታኘክ አለኝ ብዬ ብነግረው ባለቤቱ ሳይቆጣ፣ በጣም አዝኖ፣ ጋሼ ጥርስዎን ቢታዩ ይሻላል አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እዚያም በላን።

ሦስተኛው የእትዬ አስቴር ቤት ነው።

እትዬ አስቴር የካፋ ሴት ናቸው፤ ያደጉት ዋጫ በምትባል የካፋ ከተማ ነው። ቤቱ ምልክትም ስምም የለውም፤ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ከጓሮው የእንሰት ተክል አለ። ቆጮውን ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው ቀብረው፣ ራሳቸው ይጋግሩታል። ከጎመንና ከአይብ ጋር በትልቅ የአበባ ሳህን ይመጣል፤ ዳጣው ጎን ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወሬ የለም። የጎጃም ሰው ነኝ፤ ከጤፍ ሌላ እህል እህል አይመስለኝም ነበር። እትዬ አስቴር በሁለት ሳምንት ሃይማኖቴን አስቀየሩኝ። ደግነታቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ የቡላ ገንፎ ይዘው፣ በዚያ ጭቃ፣ ቤቴ ድረስ የመጡ እሳቸው ናቸው። ይህን አሁን የምናገረው ኋላ ስለሳቸው የምለውን ስትሰሙ እንዳትሳሳቱ ነው። ክፉ ሴት ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር።

እንግዲህ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ መምህር ታደለ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከገሻ ወረዳ፣ ከደካ አካባቢ ተዛውሮ መጣልን። ሠላሳ አይሞላውም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ በዚያ መብራት እንዴት እንደሚተኩሰው ግን እግዜር ይወቀው። ልጆቹ በአንድ ወር ወደዱት። እኔን የሚወዱኝ ሲመረቁ ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ታደለ ይጠፋል። ና እንብላ ስንለው ሰኞ ጨጓራዬን አሞኛል ይላል። ማክሰኞ ቁርሴን በደንብ በልቻለሁ ይላል። ረቡዕ ጾም ነው ይላል። ረቡዕ ለኔ ነው እንጂ ለሱ ምኑ ነው? ሰውየው ፕሮቴስታንት ነው። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስዞር ዋንዛው ሥር ብቻውን ተቀምጦ፣ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀቀለ ጎደሬ ሲበላ አገኘሁት። ሲያየኝ ክዳኑን ገጠመ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ያልኩትን ነው የምትሉት። ስስታም ነው አልኩ። የአማርኛ መምህር ነኝና ተረት አያልቅብኝም። በማግሥቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም በተሰበሰበበት "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቤት ሊሠራ ነው አለ አንዱ፤ የለም መኪና ሊገዛ ነው አለ ሌላው። በዚያው "ጋሽ ጎደሬ" የሚል ስም አወጡለት። አወጡለት የምለው አፍሬ ነው፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱም አብሮን ሳቀ። ሰው አብሮ ሲስቅ የተስማማ ይመስለናል።

ከብዙ ጉትጎታ በኋላ አንድ ሐሙስ እሺ አለኝ። ከግቢው ልንወጣ ስንል ቆመና እዚያ ብዙ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው የሌለበት ምግብ ቤት ምን ይሠራል አልኩት። ቆየና ደግሞ የየት አገር ሰው ነው የሚበላው አለኝ። ሰው ስለ ምግቡ ሳይጠይቅ ስለ በላተኛው ሲጠይቅ አንድ ነገር ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ። እኔ ቆጮውን ነበር የማየው።

እትዬ አስቴር ደስ አላቸው። በካፍኛ ሰላም አሉት፤ በካፍኛ መለሰላቸው። የኛ ልጅ አመጡልኝ እንዴ ብለው ከወትሮው ሞላ ያለ ሳህን አቀረቡልን። ታደለ መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነበር የሚቆርሰው። ከዚያ ቀስ በቀስ ትከሻው ዝቅ አለ፤ መብላት ጀመረ። እየበላም አጫወተኝ። ሚስቱና የአራት ዓመት ልጁ አሁንም ገሻ እንዳሉ፣ ዝውውር የጠየቀው ልጁን ከተማ ሊያስተምራት ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ ሰፈሩን ልየው ብዬ ነው አለ። ዙሪያውን አየና "እንዲህ ከሆነስ ለመስከረም አመጣቸዋለሁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩለት።

በዚህ መሐል በሺሺንዳ መስመር እስከ ደካ እየዞረ ቡና የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ ገባ። ታደለን አየና ደጃፉ ላይ ቆም አለ። ሰላም አላለንም። ወደ ጓዳው በር ሄዶ ለእትዬ አስቴር ዝቅ ባለ ድምፅ በካፍኛ አንድ ነገር ነገራቸው። የኔ ካፍኛ ሰላምታ ለመስጠትና ጨው ለማስጨመር ያህል ናት። ስለ ቡና ዋጋ የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ታደለ ግን ሰምቷል፤ ቋንቋው ነው። የቆረሰውን ቆጮ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና "ጋሽ ይልማ፣ ክፍል አለኝ" ብሎ ተነሳ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍል የለውም። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ። ጥግ ላይ የነበሩ ሁለት በላተኞችም ምሳቸውን ትተው ተነሱ። የቡና ዋጋ በጣም ወርዷል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። የተረፈውን ብቻዬን ጨረስኩት።

በማግሥቱ ስሄድ እትዬ አስቴር እንደ ወትሯቸው አልተቀመጡም። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙና "ጋሽ ይልማ፣ እርስዎ የሩቅ አገር ሰው ነዎት፣ አያውቁም፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" አሉኝ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጁ ማንጆ ነው አሉኝ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በካፋ ምድር ማንጆ የሚባል ወገን አለ። ቋንቋው ያው ካፍኛ፣ መልኩ ያው መልክ፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። ድሮ አዳኝ ነበሩ፤ እንጨትና ከሰል ለከተማው የሚያመጡት ዛሬም ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ያልተገባ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ሌላው ሰው ከነሱ ጋር ገበታ አይቀርብም ነበር። ድግስ ቢጠሩ ከደጅ ተቀምጠው በኮባ ቅጠል ይሰጣቸዋል። ዛሬ ቀርቷል ይባላል። በስብሰባ ላይ ቀርቷል፤ ወረቀት ላይም ቀርቷል። ሳህን ላይ ሲደርስ ነው የማይቀረው።

እኔም አፌን ሞልቼ እንዳልናገር የኔ አገርስ? እኛ መንደር ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጣችንን ሠርተን እንበላለን፤ ልጇን ግን አናገባም። ቀጥቃጩ ማረሻችንን ይስልልናል፤ ዓይኑን ግን እንፈራለን። እናቴ ቡዳ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። ጎጃም ተወልዶ በካፋ ሰው ላይ መፍረድ አይከብድም፤ የከበደኝ ራሴን ይዤ መምጣቴ ነው።

እትዬ አስቴር ያሉኝን ልጨርስላችሁ። እኔ ግድ የለኝም አሉ፤ ሁላችንንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነው፤ በላተኛው ነው የሚቀየመኝ። ኋላ በላተኛውን ጠየቅኩት፤ እኔ ግድ የለኝም፣ የሰፈሩ ሰው ነው አለኝ። የሰፈሩን ሰው ጠየቅኩ፤ እኛ ከተማ የኖርን ነን፣ የገጠሩ ሰው ነው አሉኝ። ያን ግድ ያለው የሚባለውን ሰው እስከ ዛሬ ስፈልገው አለሁ። ባገኘው ብዙ የምነግረው ነበረኝ።

ስወጣ በጓሮው አጥር በኩል አለፍኩ። ያ የአበባ ሳህን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ውሃ ተሞልቶበታል፤ የእትዬ አስቴር ዶሮዎች ይጠጡበታል። ታደለ የበላበት ሳህን ለሰው አይሆንም ተብሎ ለዶሮ ተሰጠ። ዶሮዎቹን ደግሞ ለፋሲካ እኛ እንበላቸዋለን። በዚህ ላይ ማንም ጥያቄ የለውም።

ታደለን ዋንዛው ሥር አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት የአማርኛ ቃል አዘጋጅቼ ሄጄ አንዱም አልመጣልኝ አለ። እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"እርስዎ አላወቁም፣ ጋሽ ይልማ፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው የሄድኩት" አለኝ።

ሳህኑን እንዳላየው በልቤ እየጸለይኩ፣ በየት በኩል ነው ወደ ቤትህ የምትሄደው አልኩት። በዚያው በአጥሩ በኩል ነው አለኝ። "ሳህኑን አይቼዋለሁ። ደህና ሳህን ነበር።" ከዚያ ለሚስቱ እንደደወለላት፣ ትንሽ ቆይተሽ ነይ እንዳላት ነገረኝ። የልጅቷስ ትምህርት ብለው፣ ገሻም ትምህርት ቤት አለ አለኝ።  የዚያች ልጅ መስከረም በኔ ጉትጎታ ነው የተሰረዘው።

እኔ ደግሞ ዝም አልልም አልኩ። የመምህራን ስብሰባ ጠየቅኩ። ሰኞ ተሰበሰብን፤ ታደለ ክፍል ነበረው። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዘመን ብዬ ተናገርኩ። ሁሉም ተቆጣ። ርዕሰ መምህሩ ይህ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ከመምህራን አንድም ሰው እትዬ አስቴር ቤት እንዳይበላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ፈረምን። ስፈርም ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ ክበቡ በመምህራን ሞላ። ረቡዕ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ጾመኞች ነን፣ አድማው አልከበደንም። ሐሙስ ፓስታው መጣ።

እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ምሳዬን ከታደለ ጋር ዋንዛው ሥር ነበር የምበላው። ከክበቡ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ፤ እሱ ከምሳ ዕቃው ግማሹን በክዳኑ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። ጎደሬው ጨው አንሶት ነበር፤ በላሁት። ስለ ልጁ አወራኝ። እስከ መቶ መቁጠር ትችላለች፣ ሰባ ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትዘላለች አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሁለት ቀን በላን፣ ሦስት ቀን በላን። በአራተኛው ቀን፣ አርብ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ዋንዛው ያፈሳል። ዳቦው ሰለቸኝ። ሆዴ ሌላ ነገር ያስባል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ታደለን ጨጓራዬን አሞኛል አልኩት።

"እግዚአብሔር ይማርዎ" አለኝ። ዓይኔን አላየውም።

ጃንጥላዬን ይዤ በጓሮ፣ በእንሰቱ መሐል፣ ጭቃው ጫማዬን እስኪውጠው ድረስ ሄድኩ። ጃንጥላው የጠቀመኝ ከዝናቡ ይልቅ ፊቴን በመሸፈኑ ነው። አንዲት ሳህን ብቻ፣ ቶሎ በልቼ፣ ማንም ሳያየኝ እመለሳለሁ አልኩ። የጓዳውን በር ቀስ ብዬ ገፋሁት። ርዕሰ መምህሩ ተቀምጠዋል። ምክትላቸው አጠገባቸው ናቸው። የሒሳቡ፣ የታሪኩ፣ የእንግሊዝኛው መምህር፣ ሁሉም በጉልበታቸው ላይ ሳህን ይዘው ጓዳ ውስጥ ተጣበዋል። እትዬ አስቴር ከፊት ለፊቱ ክፍል እንዳይታዩ መጋረጃ ሰቅለውላቸዋል። ለካ ከማክሰኞ ጀምሮ እየተፈራረቁ ይመጡ ኖሯል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም አልደነገጠም። ርዕሰ መምህሩ ጠጋ አሉና "ይግቡ፣ ጋሽ ይልማ፤ በሩን ይዝጉት ብቻ፣ ይበርዳል" አሉኝ።

ምን ልበል? ፈራሚ ነኝ፣ እነሱም ፈራሚዎች ናቸው። ዘጋሁትና ተቀመጥኩ። እትዬ አስቴርም ሳይጠይቁኝ፣ አርብ ነውና አይቡን ትተው አቀረቡልኝ፤ ጠፍተውብኝ ነበር ብለው።

በሁለተኛው ሳምንት መጋረጃው ወረደ፤ በፊት በር መግባት ጀመርን። ቃለ ጉባኤው አልተሻረም፤ ማኅደሩ ውስጥ አለ፤ አንድ ቀን ለሪፖርት ይጠቅማል ተብሏል።  ታደለ እንደ ድሮው ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣል፣ ያስተምራል፣ ምሳ ሰዓት ይጠፋል። "ጋሽ ጎደሬ" የሚለው የለም። ማንም ና እንብላ አይለውም። ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥረነዋል። ሚስቱና ልጁ እስከ ዛሬ ገሻ ናቸው።

ባለፈው ወር ከዞን ሱፐርቪዥን ይመጣል ተባለ። አራት እንግዶች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ሰበሰቡንና ጽዳቱን፣ ሰልፉን፣ መዝገቡን ካከፋፈሉን በኋላ እንግዶቹን ምሳ የት እንውሰዳቸው አሉ። ክበቡ አይሆንም። ሥጋ ቤቱ የሰው ጥርስ ይጨርሳል። መሐል ከተማ እንዳይባል ዝናብ ነው። ሁላችንም አንዱን ቤት እያሰብን፣ ሁላችንም ወለሉን አየን። 

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ታደለ እጁን አወጣ። ርዕሰ መምህሩ ዕድል ሰጡት።

"እትዬ አስቴር ጋ ውሰዷቸው" አለ። "ምግባቸው ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ በልቻለሁ።"

 ፊቱን አየሁት፤ ፌዝም ቁጣም አላገኘሁበትም። ስለ ምግብ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰውን ነው የመለሰው። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ፤ ጸሐፊውም በመምህር ታደለ ጥቆማ መሠረት ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። ከዚያ ቢሮ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ተባለ፤ ማን እንደሚቀር መነጋገር እንኳ አላስፈለገም።

ሄድን። እንግዶቹ በጣም ተደሰቱ። አንደኛው በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ፍቅር ያለበት ቤት ስላለ ዕድለኞች ናችሁ አለን፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ቆጮው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ቀን ከወትሮው በልጦ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።